የሆድ ብልቶችን በአንድነት ስለ መትከል

በላቲኖች ቤተ ክርስቲያን በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የጄኖቫ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ያዕቆብ ዘቮራጂኔ ባጠናቀረው የቅዱሳን ገድል ውስጥ፣ የእኛም ስንክሳር ኅዳር 22 ቀን የሚዘክራቸው ወንድማማቾቹ ሐኪሞች ቆዝሞስና ድምያኖስ፣ ከዕረፍታቸው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በሮም ከተማ በስማቸው በታነጸች ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ለነበረ፣ አንድ እግሩን ነቀርሳ ለበላው ሰው በሕልሙ ተገልጠው፣ የታመመውን እግር ቈርጠው በሌላ እግር እንደ ተኩለት ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ለምትክ የሚሆን ሥጋ ከወዴት እንደሚገኝ ቢጠይቅ፣ ሁለተኛው በዚያው ዕለት በቅዱስ ጴጥሮስ መካነ መቃብር አንድ ኢትዮጵያዊ መቀበሩን አስታወሰ፤ ከዚያም የሟቹን እግር አምጥተው ለሕሙሙ ተከሉለት፤ የሕሙሙንም እግር ወስደው በሟቹ መቃብር አኖሩ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ነጩን ሰው ከጥቁር እግሩ ጋራ እየሣሉ ይህን ተአምር ለብዙ ዘመን ሲያስቡት ኖረዋል። ነገር ግን ተራኪው የሕሙሙን ደስታ አስፍቶ ሲያትት፣ የዚያን ኢትዮጵያዊ ስሙን እንኳ አይነግረንም፤ በሕይወት ሳለ ይፈቅድ እንደ ሆነ የጠየቀው፣ ከሞተም በኋላ ዘመዶቹን ያማከረ አልነበረም።

ይህን የማነሣው ቅዱሳኑን ልከስስ አይደለም፤ ተአምር በምድራዊ ሕግ አይዳኝም። ዳሩ ግን ሊቃውንት ጨጓራን፣ ጉበትን፣ ቆሽትንና ትንሹን አንጀት ሁሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ጣፊያንና የትልቁን አንጀት ከፊል ጨምረው፣ ከአንድ ሟች ሆድ በአንድነት አውጥተው ወደ ሌላ ሰው ሆድ በሚያገቡበት በዚህ ዘመን፣ በዚያ ተረክ ውስጥ ሳይመለሱ የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም የሚሰጠው ማን ነው፣ የሚወሰደውስ ምን ያህል ነው የሚሉት፣ ከቀድሞው ይልቅ ከብደው ይታያሉ። ጋዜጦች ስለዚህ ጥበብ ሲጽፉ የተተከሉትን ብልቶች መቍጠር ይወዳሉ፤ አምስት ከሆነ ያደንቃሉ፣ ስድስት ከሆነ ይበልጥ ያደንቃሉ። እኔ ግን የጥበቡን ዕድገት የምለካው፣ ሳይነካ ሊተወው በተማረው ብልት ነው፤ ይህንንም አሳቤን ለማስረዳት የነገሩን ሥር በጥቂቱ መመርመር ያስፈልገኛል።

ይህን ቀዶ ጥገና የሚሻው ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ አንጀቱን ያጣ ሰው ነው። በሕፃንነቱ አንጀቱ ተጠማዝዞ የሞተበት፣ ሲወለድ ሆዱ ሳይገጠም አንጀቱ ውጭ የቀረ፣ ወይም አንጀቱን የሚመግበው ደም ቅዳ በድንገት የተደፈነበት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ቀድሞ በረኀብ ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ስታንሊ ዱድሪክና ባልደረቦቹ በፊላዴልፊያ ምግብን በሙሉ በደም ሥር መስጠት እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ግን (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን፣ የአገራችን መሆኑን ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በቱቦ እየተመገቡ ለዓመታት ለመኖር በቅተዋል። ችግሩ ያ ምግብ፣ በተለይም በሕፃናት ላይ፣ ቀስ በቀስ ጉበትን ማበላሸቱ፣ ቱቦው የሚገባባቸውም ታላላቅ ደም መልሶች እየቈሰሉና እየተደፈኑ ማለቃቸው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንጀት ብቻ ቢተከልለት ጉበቱ አይችልም፤ ጉበት ብቻ ቢተከልለት ረኀቡ አይቀርም። ከነዚህ ሌላ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄደው የደም መልስ ሥርዐት በሙሉ የረጋበት ሰው አለ፤ ለዚህኛው አዲስ ጉበት ቢመጣለት እንኳ የሚሰፋበት ደም ሥር ስለማይገኝ፣ ጠቅላላውን ከመለወጥ በቀር መንገድ የለም።

ደም ሥርን ከደም ሥር ጋራ መስፋት በራሱ አንድ ታሪክ ነው። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግቶ ወደ ጉበት የሚገባው ደም መልስ ተቈርጦ ሲሞት፣ የዘመኑ ሐኪሞች ሊሰፉት ባለመቻላቸው የተቈጨ አሌክሲስ ካሬል የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ፣ ከዚያችው ከተማ የጥልፍ ባለሙያ ሴት ዘንድ ሄዶ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መሥራትን ተማረ። በ1902ም ያገኘውን ዘዴ በጽሑፍ አወጣ፦ ክቡን የደም ሥር አፍ በሦስት ክሮች ይዞ በመወጠር ሦስት ማዕዘን እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ጐን ቀጥ ባለ መስመር መስፋት። በ1912 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ ሥራ ባይቀድም ኖሮ፣ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ ባልተቻለ ነበር። በአካዳሚ አዳራሽ የተከበረው ጥበብ ከአንዲት ጥልፍ ጠላፊ እጅ መነሣቱ ደግሞ ለእጅ ባለሙያ ንቀት ላለብን ለእኛ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የሆድ ብልቶችን በአንድነት ስለ መትከል አስቀድሞ የተመራመረው በአሜሪካ የአዮዋ ተወላጅ የሆነው ቶማስ ስታርዝል ነው። ይህ ሰው በ1963 በዴንቨር ከተማ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ በሰው ላይ ሞክሮ፣ ሕፃኑ ከመኝታው ሳይነሣ ስለ ሞተበት፣ ቀጥለው የተሞከሩትም ብዙ ሳይቈዩ ስላለፉ፣ ሥራውን እስከ 1967 አቁሞ የቈየ ነው። ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ግን በ1960 ገደማ በቺካጎ በውሾች ላይ የሆድን ብልቶች በጠቅላላ ይለውጥ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ያስተዋለው ነገር ዛሬም የጥበቡ መሠረት ሆኖ ይኖራል። ጉበት፣ ጨጓራ፣ ቆሽትና አንጀት እንደ ወይን ዘለላ ከአንድ ግንድ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ግንዱም ከዐቢዩ ደም ቅዳ፣ ሐኪሞች አኦርታ ከሚሉት፣ ተቀራርበው የሚነሡ ሁለት ደም ቅዳዎች ናቸው። ሐኪሙ ግንዱን ጠብቆ ካወጣ ዘለላውን በሙሉ ሊያሸጋግረው፣ ወይም የማያስፈልገውን ፍሬ ቈርጦ ቀሪውን ብቻ ሊተክል ይችላል። ስታርዝል ያስቀመጠው ይህ ምሳሌ ብዙ ለመውሰድ እንደሚያገለግል ሁሉ ጥቂት ለመውሰድም ያገለግላል፤ እኔን ያስደነቀኝም ይኸው ሁለተኛው ጥቅሙ ነው።

አሁን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እንግባ። ለጋሹ አንጎሉ ፈጽሞ ሞቶ፣ ሳንባው በመሣሪያ እየተነፈሰ፣ ልቡ ገና የሚመታ ሰው ነው። ሐኪሞቹ በአኦርታው ውስጥ ቱቦ አግብተው፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፎልከርት ቤልዘርና ረዳቶቹ ያዘጋጁትን፣ እስከ 4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይለቁበታል፤ ደሙ ታጥቦ ሲወጣ ብልቶቹ እየገረጡ ይሄዳሉ፤ በዙሪያቸውም የተፈጨ በረዶ ይፈስሳል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓቱ ይቈጠራል። ኩላሊት በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ሊጠብቅ ይችላል፤ ጉበት የዚያን እኩሌታ ያህል ይታገሣል፤ አንጀት ግን ውስጣዊ ሽፋኑ ቶሎ የሚረግፍ ስስ ብልት ስለ ሆነ፣ ሐኪሞች ከስምንት ሰዓት በታች እንዲያልቅላቸው ይጥራሉ። ስለዚህ ለጋሹ በአንድ ከተማ፣ ተቀባዩ በሌላ ከተማ ሲሆኑ፣ ሁለት ጓዶች በስልክ እየተነጋገሩ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አውሮፕላኑም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

በተቀባዩ በኩል ያለው ሥራ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከመትከሉ ይልቅ በመንቀሉ ይከብዳል። ሕመምተኛው ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሆዱ የተከፈተ ስለሚሆን፣ አንጀት ከጉበት፣ ጉበት ከሆድ ግድግዳ ጋራ በጠባሳ ተጣብቆ ይገኛል፤ የደም መልሱ መንገድ ከተዘጋም ደሙ በየስርቻው ባበጡ ትንንሽ ሥሮች ስለሚተላለፍ፣ ቢላዋ በነካው ሁሉ ይፈስሳል። በአንዳንድ ሆስፒታሎች መድማቱን ለመቀነስ ሲሉ ዋና ዋናዎቹን ደም ቅዳዎች አስቀድመው በቱቦ ይደፍኗቸዋል። ከሰዓታት ድካም በኋላ የታመሙት ብልቶች በሙሉ ሲወጡ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ከጀርባ አጥንት ፊት የተዘረጉት ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች፣ በግራና በቀኝም ኩላሊቶቹ ብቻ ይታያሉ። ሐኪሙ በመጀመሪያ ከለጋሹ የተወሰደ አንድ ቁራጭ የደም ቅዳ ከተቀባዩ አኦርታ ጋራ ሰፍቶ መሸጋገሪያ ያበጃል፤ ቀጥሎ የአዲሱን ጉበት ደም መልሶች ከታላቁ ደም መልስ ጋራ፣ የብልቶቹንም ግንድ ከመሸጋገሪያው ጋራ ያገናኛል። እዚህ ላይ ነው በክፍሉ ያሉት ሁሉ ድምፃቸውን የሚቀንሱት። መቈንጠጫዎቹ ሲለቀቁ፣ በብልቶቹ ውስጥ የነበረው ቀዝቃዛና ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ ወደ ልብ ስለሚሮጥ፣ ሰመመን ሰጪው ለጥቂት ደቂቃ የልቡን ምት ከመከታተል በቀር ሌላ ነገር አያይም፤ ልብ በዚያች ጊዜ ልትቆም ትችላለችና። ነገሩ ከቀና ግን ግርጣቱ ይሄዳል፤ ጉበቱ ይቀላል፤ አንጀቱም ከውጭ ከሚመጣ ነርቭ ትእዛዝ ሳይቀበል በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ሐሞትም መውጣት ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ የምግቡ መንገድ ይሰፋል። ወደ ጨጓራ የሚሄዱት ነርቮች ስለ ተቈረጡ የጨጓራው መውጫ በገዛ ራሱ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የመውጫውን ጡንቻ ሰንጥቆ ያሰፋዋል። የትንሹን አንጀት ጫፍ ደግሞ ለጊዜው በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ይህም ሐኪሞች በየጊዜው ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብተው ጥቂት ቁራሽ እየወሰዱ፣ ሰውነት ባዕዱን አንጀት መዋጋት ጀምሮ እንደ ሆነ እንዲመረምሩበት ነው። የመጨረሻው ችግር ሆዱን መዝጋት ነው፤ ለዓመታት ባዶ የኖረ ሆድ ስለሚኰማተር አዲሶቹን ብልቶች አይችላቸውም። ለዚህ ሲሉ በአካል ከተቀባዩ የሚያንስ ለጋሽ ይመርጣሉ፤ ያም ባልበቃበት ጊዜ በማያሚ የነበሩት አንድሬያስ ጻኪስና ባልደረቦቻቸው የለጋሹን የሆድ ግድግዳ ራሱን ከነቈዳውና ከነጡንቻው ተክለው በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል።

እጅ ብቻውን ግን አይበቃም። አንጀት፣ ምግብ ከውጭ እየገባ ጀርም ይዞ የሚያልፍበት ደጅ ስለ ሆነ፣ ፈጣሪ በወታደር ሕዋሳት የሞላው ብልት ነው፤ ሲተከልም የተቀባዩ ሰውነት አንጀቱን፣ የአንጀቱም ሕዋሳት የተቀባዩን ሰውነት ሊዋጉ ይችላሉ። በ1987 በፒትስበርግ ስታርዝልና ጓደኞቹ ለአንዲት ሕፃን ጨጓራ፣ ትንሹንና ትልቁን አንጀት፣ ቆሽትና ጉበት በአንድነት ተከሉላት፤ ብልቶቹ ሁሉ ሠሩ፤ ሰውነቷም አልተዋጋቸውም፤ ነገር ግን መከላከያዋን ለማዳከም የተሰጣት መድኃኒት በር ስለ ከፈተ፣ በቫይረስ የተነሣ የዕባጭ በሽታ ከ193 ቀን በኋላ ገደላት። ቀዶ ጥገናው ድል ነሥቶ ሕመምተኛዋ ሞተች ማለት ነው። ነገሩ የተለወጠው በ1984 በጃፓን አገር ከጹኩባ አፈር ውስጥ ከተገኘ ረቂቅ ሕዋስ ታክሮሊመስ የሚባለው መድኃኒት ተጣርቶ፣ በ1989 በዚያው በፒትስበርግ ለሕሙማን መሰጠት ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ ከተተከለላቸው ሰዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ዓመት ያልፋሉ፤ አምስት ዓመት የሚደርሱት ግን ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ይህን ቍጥር የሚያሳንስ ሰው፣ ሳይተከልለት የቀረ ሕመምተኛ የሚጠብቀውን ዕድሜ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወደ ዋናው አሳቤ እመለሳለሁ። አንድ ለጋሽ ጉበቱን ለአንዱ፣ ቆሽቱን ከኩላሊቱ ጋራ ለሌላው፣ አንጀቱን ለሦስተኛው ሊያካፍል ይችላል፤ በ1988 በሃኖቨር ሩዶልፍ ፒሽልማየር ባሳየውም ዘዴ ጉበቱ ብቻውን ለሁለት ተከፍሎ አንድ ዐዋቂና አንድ ሕፃን ሊያድን ይችላል። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ሲሰጥ፣ በሌላ አልጋ ላይ ተኝተው ስልክ የሚጠብቁ ሰዎች ተራቸው አልፎ ሄደ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ጥያቄ ብዙም አላሳሰበም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነቀርሳ በላይኛው ሆዳቸው ለተሠራጨ ሰዎች ጉበትን፣ ጨጓራን፣ ቆሽትንና ጣፊያን ጠራርጎ አውጥቶ አዲስ መትከል ተሞክሮ፣ በብዙዎቹ ላይ ነቀርሳው ተመልሶ ስለ ተነሣ፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው በሩን አጠበቡት። ያን ጊዜ ለአላዋቂ ሰው ይህ ማፈግፈግ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ እኔ ግን ጥበቡ ኅሊና ያገኘበት ወቅት አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሕመምተኛው ጉበት ጤናማ ከሆነ እርሱን በቦታው ትቶ ቀሪውን ብቻ መለወጥ ተለመደ፤ የተቀባዩን ጣፊያና ቆሽት ማትረፍም ተሞከረ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ግን ከቀድሞው ይልቅ አስቸጋሪ ስፌት የሚጠይቅ ነበር። ሁሉን ነቅሎ ሁሉን ከመትከል ይልቅ አንዱን መርጦ ማትረፍ ለእጅም ለአእምሮም ይከብዳል።

በሌላም በኩል የምግብ ቱቦን የሚንከባከቡ ነርሶችና ሐኪሞች ሥራቸውን ስላሻሻሉ፣ ጉበትን የማይጐዳ ከዓሣ ዘይት የተሠራ የደም ሥር ምግብ ስለ መጣ፣ የቀረውን አጭር አንጀት የሚያፋፋም መድኃኒት ስለ ተገኘ፣ በአሜሪካ በ2007 ወደ 200 ተጠግቶ የነበረው የአንጀት ንቅለ ተከላ (ከሌሎች ብልቶች ጋራ የሚደረገውን ጨምሮ) ዛሬ በዓመት መቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ወርዷል። ቱቦን በንጹሕ እጅ የምትይዝ ነርስ ስሟ በጋዜጣ አይወጣም፤ ስንት ሰው ከቀዶ ጥገና ክፍል እንዳስቀረች የሚቈጥርላትም የለም። እንግዲህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ብልቶቹን ሁሉ ከመለወጥ ያነሰ ነገር ለሚያድነው ሰው ሁሉን መትከል የሌላውን ድርሻ መንጠቅ ነው፤ ያነሰ ነገር ለማያድነው ግን ከልክሎ ማቆየት ጭካኔ ነው፤ ይህን የሚለየው ጉባኤም ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ ሰዎች ሊኖሩበት ይገባል፤ ችሎታ ያለው እጅ ችሎታውን ማሳየት ይወዳልና።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋራ በመተባበር፣ ዘመድ ለዘመዱ የሚሰጠው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። የሆድን ብልቶች በሙሉ ለመለወጥ ዛሬ እንቻኰል የሚል ሰው ቢኖር አልደግፈውም፤ በቱቦ የሚመገብ ሕፃን ለወራት ያለ ቍስለት በሚኖርበት ዋርድ መጀመር ይቀድማል፤ ያለዚያ ወደ ንቅለ ተከላው የሚደርስ ሕመምተኛ እንኳ አይኖርምና። ስለ መስጠት የሚደረገው ንግግር ግን መሣሪያና ገንዘብ እስኪሟላ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ብዙ ምእመናን ሥጋችን ተከፋፍሎ በትንሣኤ ቀን እንዴት እንነሣለን ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ከሃይማኖት ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን «ምጥው ለአንበሳ» እያለች የምታከብረው ሰማዕቱ አግናጥዮስ ሥጋውን አራዊት በልተውት ሳለ፣ በትንሣኤ ይጐድላል ያለ አባት አልሰማንም። የአራዊት ጥርስ ያላጐደለውን፣ ለታመመ ወንድም የተሰጠ ጉበት ያጐድለዋል ማለት እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም፤ ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ተሰብስበው ቢያስተምሩን መልካም ነበር።

በአሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ይህ ጥያቄ የሩቅ ነገር አይደለም። መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄዱ፣ ቅጹ ከቁመትና ከዓይን ቀለም ቀጥሎ፣ ቢሞቱ ብልታቸውን ይለግሱ እንደ ሆነ ይጠይቃቸዋል፤ ብዙዎቹም ወረፋው ስለሚያስቸኵላቸው፣ ወይም የሞት ነገር በመነሣቱ ስለሚከፉ፣ ምንም ሳያስቡ «አይ» ብለው ያልፋሉ። «አይ» ማለት መብታቸው ነው፤ ሳያስቡ ማለታቸው ግን አያስመሰግንም። «እሺ» ያለም ሰው ቢሆን ነገሩን በፕላስቲክ ካርድ ላይ ብቻ ትቶ መሄድ የለበትም፤ ለባለቤቱ፣ ለልጆቹ፣ ቢቻልም ለነፍስ አባቱ በደኅናው ቀን ይንገራቸው። አደጋ በደረሰ ሌሊት ሐኪሙ ወደ መጠባበቂያው ክፍል ወጥቶ የሚያነጋግረው እነርሱን ነው፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት ከሆነ፣ ከኀዘናቸው ላይ ሌላ ክርክር መጨመር ይሆንባቸዋል።